አይሮፕላን ተሠርቶ አለቀ የሚባለው መቼ ነው?



ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ማታ፥ የአጎቴ ልጅ ባዋሰኝ አሮጌ ኮምፒዩተር የበረራ ጨዋታ ስጫወት፥ እናቴ ከኋላዬ ቆማ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ስታይ ቈየች። በኮምፒዩተሩ መስተዋት ላይ የሚታየው አይሮፕላን ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይወጣ ነበር። በመጨረሻ «አንተ ልጅ፤ ይህ የምትነዳው ነገር እውነተኛውን ይመስላል ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም በኵራት «ምንም አይለይም፥ እማዬ» አልኋት። እርስዋም «እንግዲያስ እነዚያ ልጆች ምነው አቃታቸው?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

የትኞቹን ልጆች ማለቷ እንደ ነበረ ለአገራችን ሰው መንገር አያስፈልግም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጧት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቍጥር 302፥ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ከቢሾፍቱ ወዲያ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ካፒቴኑ የ29፥ ረዳቱ የ25 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። እኔ ያን ጊዜ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ጎረቤቶቻችን በአንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ ተሰብስበው፥ አንድም ሰው ሳይናገር፥ ቡናው በጀበናው ውስጥ እንደ ቀዘቀዘ አስታውሳለሁ።

ያን ማታ ለእናቴ መልስ አልነበረኝም። መልሱን ስፈልግ አይሮፕላን የት እንደሚሠራ፥ እንዴት እንደሚፈተንና ለገዢው እንዴት እንደሚሰጥ ብዙ አነበብሁ። ያገኘሁትን ለክፍል ጓደኞቼና ለወላጆች በዚህ መጽሔት ለማካፈል አስቤአለሁ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። ስሕተት ያገኙብኝ መምህራን ቢያርሙኝ ደስታዬ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልናገር። በምድር ላይ ተቀምጦ በረራ መማር አዲስ ነገር አይደለም። ኤድዊን ሊንክ የተባለ አሜሪካዊ፥ አባቱ የኦርጋን ፋብሪካ ነበረውና፥ በ1929 የኦርጋኑን ወናፍ ወስዶ እየተነፋ የሚያዘነብልና የሚቃና ከእንጨት የተሠራ ትንሽ አይሮፕላን አበጀ። ተማሪው በውስጡ ተዘግቶ መሣሪያዎቹን ብቻ እያየ ይለማመድ ነበር። ዛሬ አየር መንገዶች አብራሪዎቻቸውን የሚያሠለጥኑበት ሲሙሌተር በስድስት እግሮች ላይ የቆመ፥ ሲነቃነቅ ሆድ የሚያገላብጥ፥ ቤት የሚያህል መኪና ነው። የአየር መንገዳችን ማሠልጠኛም በአዲስ አበባ አለው። እኛ የምንጫወተው የዚያን ታናሽ ወንድም ነው። ማይክሮሶፍት የራሱን የመጀመሪያ የበረራ ጨዋታ በ1982 አወጣ፤ ኤክስ ፕሌን የሚባለውም በ1995 ተከተለ። ዛሬ በእነዚህ የሚጫወቱ ሰዎች በየአገሩ ሞልተዋል። ከእነርሱም መካከል የአይሮፕላንን ጎማ ቍጥር ሳይቀር በቃላቸው የሚያውቁ አሉ።

የዚህ ጨዋታ ወዳጆች ከሚወዱአቸው በረራዎች አንዱ «ርክክብ» ነው። ይኸውም አዲስ አይሮፕላን ከተሠራበት ሜዳ አንሥቶ እስከ ገዢው አገር ማድረስ ነው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ይህን እናደርጋለን። ከሲያትል እስከ አዲስ አበባ በአጭሩ መንገድ ቢሄዱ ከ13 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ 737 የተባለው ትንሹ አይሮፕላን መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ መቅዳት አለበት፤ 777 ግን በአንድ ትንፋሽ ይደርሳል። የት እንደምንወርድ ስናሰላ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ ብዙ ጂኦሜትሪ ተምረናል፥ የሂሳብ መምህራችን ይቅር ይበሉን። መብራት ሲጠፋብን ደግሞ አይሮፕላናችን ከነነዳጁ በግሪንላንድ ሰማይ ላይ ይቀራል።

ይህ የርክክብ በረራ ለእኛ አገር የራሱ ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች፥ ቦይንግ 720ቢ የተባሉትን፥ በ1960 አዝዞ በ1962 ተረከበ። የልደታው ሜዳ ለጄት አይበቃም ነበርና ቦሌ የተሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። በጁን 1984 ደግሞ አየር መንገዳችን አዲስ የተረከበውን ቦይንግ 767 ከዋሺንግተን አንሥቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ አስገባው። መንገዱ 12,082 ኪሎ ሜትር፥ ጊዜው 13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ነበር። በዚያ ጊዜ ባለሁለት ሞተር የመንገደኛ አይሮፕላን ይህን ያህል ርቀት ሳያርፍ ሄዶ አያውቅም ነበር። እኛም ይህን በረራ አንድ ቅዳሜ በኮምፒዩተር ደግመነዋል፤ ከአሥራ ሦስቱ ሰዓት አሥሩን ተኝተን ማሳለፋችንን ግን አልደብቅም።

አሁን ወደ ፋብሪካው እንሂድ። 720ዎቹ የተሠሩት በዋሺንግተን ግዛት ሬንተን በሚባል ከተማ፥ በአንድ ሐይቅ ዳር ነው። ዛሬም 737 የሚገጣጠመው በዚሁ ስፍራ ነው። ነገር ግን ተሠራ ከምል ተገጣጠመ ብል ይሻላል፤ ሰው እንደሚመስለው አይሮፕላን ከአንድ ቤት አይወጣም። የ737 ቀፎ የሚሠራው በካንሳስ ግዛት፥ ዊቺታ በምትባል ከተማ ነው። ከዚያም በአረንጓዴ መከላከያ ቀለም እንደ ተቀባ በባቡር ተጭኖ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በጁላይ 2014 ስድስት ቀፎዎች የጫነ ባቡር በሞንታና ግዛት ከሐዲዱ ወጥቶ ሦስቱ ቀፎዎች ወንዝ ዳር ተንከባልለው ነበር። የዚያን ፎቶግራፍ ላየ ሰው፥ ክንፍ የሌለው አይሮፕላን ግማሽ ገላውን በውኃ ነክሮ ተኝቶ ሲታይ፥ እንደ ዓሣ ነባሪ ይመስላል።

ቀፎው ሬንተን ሲደርስ ክንፉ፥ ጅራቱ፥ ሞተሩ፥ ወንበሩ ይገጠምለታል። ሬንተን ያለው ማኮብኮቢያ 1,640 ሜትር ብቻ ነው። የቦሌው ረጅሙ 3,800 ሜትር መሆኑን ስታስቡ ይህ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ይገባችኋል። ሆኖም ሬንተን በባሕር ወለል አጠገብ ናት፥ አዲሱም አይሮፕላን መንገደኛና ሻንጣ አልጫነም፤ ስለዚህ በቀላሉ ይነሣል። ከተነሣ በኋላ ተመልሶ እዚያ አያርፍም፤ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ባለው ቦይንግ ፊልድ በተባለው ሜዳ አርፎ የቀረው ሥራና ርክክቡ በዚያ ይፈጸማል። የጨዋታው ወዳጆች ከዚህ አጭር ሜዳ መነሣትን እንደ ትልቅ ሙያ ይቈጥሩታል።

ትላልቆቹ የሚገጣጠሙት ከሲያትል በስተ ሰሜን በኤቨሬት ነው። የዚህ ፋብሪካ ሕንጻ በውስጡ በሚይዘው ቦታ በዓለም ላይ አንደኛ ነው ይባላል፤ 13.3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። በ1967 ሲከፈት ለ747 ተብሎ ነበር፤ የመጨረሻው 747 በጃኑዋሪ 2023 ለገዢው ተሰጥቶ ያ ዘመን ተዘጋ። 787 የተባለው ከካርቦን የሚሠራው አይሮፕላን ቀድሞ በኤቨሬትም ይገጣጠም ነበር፤ ከ2021 ወዲህ ግን በደቡብ ካሮላይና ብቻ ነው። ክንፉ ከጃፓን፥ ከቀፎው አንዳንዱ ክፍል ከኢጣልያ፥ ሆዱ በተነፋ አንድ አሮጌ 747 ተጭኖ ይመጣል። አየር መንገዳችን የመጀመሪያውን 787 በኦገስት 2012 ሲረከብ በአፍሪካ ቀዳሚ ነበር።

በአውሮጳ ደግሞ የኤርባስ ከተማ ቱሉዝ ናት። የኤርባስ ክንፎች በዌልስ ብሮውተን በተባለ ስፍራ ይሠራሉ፤ ሌላው ሌላው ከጀርመንና ከስፔን ይመጣል። አየር መንገዳችን የመጀመሪያውን ኤርባስ 350 ከቱሉዝ የተረከበው በጁን 2016 ነው። ስለ ቱሉዝ ብዙ የሚባል ነበር፤ ግን የእኔ ጉዳይ ወደ ፈተናው ስለሆነ አልፈዋለሁ።

አዲስ ዓይነት አይሮፕላን ሲወጣ የሚደረግበት ፈተና፥ እኛ በትምህርት ሚኒስቴር ፈተና የምንጨነቀውን ያህል ብቻ አይደለም፤ አንዳንዱ እስኪሰበር ድረስ ይፈተናል። አንድ አይሮፕላን ለበረራ ሳይሆን ለዚሁ ተብሎ ይሠራና በብረት ማማ ውስጥ ይታሰራል። ክንፎቹ በመዘውርና በገመድ ወደ ላይ ይሳባሉ። ሕጉ፥ አይሮፕላኑ በዕድሜው ሊገጥመው ከሚችለው ከባድ ጭነት አንድ ተኩል እጥፍ እንዲችል ያዝዛል። በ1995 የ777 ክንፍ ሲሳብ 7 ሜትር ያህል ወደ ላይ ጎብጦ በ154 በመቶ ላይ ተሰበረ። አንባቢ ሆይ፥ መሰበሩን እንደ ውድቀት አትቍጠረው፤ ከ150 አልፎ መሰበሩ መሐንዲሶቹን እጅ ለእጅ አጨባብጦአል። በ2019 ግን የአዲሱ 777 ፈተና ላይ የሚፈለገው መጠን ላይ ሊደርስ አንድ በመቶ ሲቀረው ቀፎው ተቀደደ። አንድ በመቶ! እኛ ጋ 99 ያገኘ ተማሪ ይሸለማል።

የፍሬኑ ፈተና ደግሞ የበለጠ ያስፈራል። አይሮፕላኑ እስከ መጨረሻው ክብደቱ ተጭኖ፥ ፍሬኑ አስቀድሞ ሆን ተብሎ እንዲያልቅ ተፍቆ፥ ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው አብራሪው በድንገት ያቆመዋል። ፍሬኑ እንደ ፍም ይቀላል። በጎማው ውስጥ ያሉት ለዚሁ የተሠሩ መድፈኛዎች ቀልጠው ጎማው እንዳይፈነዳ አየሩን ያስወጡታል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች አጠገቡ ቆመው እያዩ ለአምስት ደቂቃ ውኃ መርጨት አይፈቀድላቸውም፤ በእውነተኛው አደጋ ጊዜ እስኪደርሱ ያን ያህል ሊወስድባቸው ይችላልና። መንገደኛ የማውጣቱም ፈተና አለ። በማርች 2006 በኤርባስ 380 ውስጥ 873 ሰዎች ተቀምጠው፥ መብራቱ ጠፍቶ፥ ከበሮቹ ግማሹ ብቻ ተከፍቶ፥ በ78 ሴኮንድ ውስጥ ሁሉም ወጡ። የተፈቀደው 90 ሴኮንድ ነበር።

በሰማይ ላይ የሚፈተነው አይሮፕላን ወንበር የለውም። በወንበሩ ፈንታ በርሜሎች ተደርድረው ውኃ ይሞላባቸዋል። ውኃውን በቧንቧ ከፊት ወደ ኋላ እያሻገሩ ክብደቱ ሲዛወር አይሮፕላኑ እንዴት እንደሚሆን ይመረምራሉ። ኤርባስ 350 እንዲህ ባለ ሥራ 2,600 ሰዓት ያህል በርሮአል። በጃኑዋሪ 2014ም ወደ ቦሊቪያ ሄዶ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ከላ ፓዝ ሜዳ እየተነሣ ተፈትኖአል።

ለምን ከፍተኛ ቦታ ይፈለጋል? ይህ እኛን የሚመለከት ስለሆነ ጥቂት ላብራራው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ በባሕር ዳር ካለው አየር ክብደት 79 በመቶ ያህል ብቻ አለው። ክንፍ አይሮፕላኑን የሚያነሣው አየርን ወደ ታች በመግፋት ነውና፥ አየሩ ሲሳሳ ፍጥነት መጨመር ያስፈልጋል። ማንሣቱ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚበዛ፥ ስሌቱን ብትሠሩት ከቦሌ የሚነሣ አይሮፕላን በባሕር ዳር ከሚነሣው በአንድ ስምንተኛ ያህል መፍጠን ይኖርበታል። ሞተሩም በስስ አየር ይደክማል። ስለዚህ ነው ቦሌ ላይ አይሮፕላን ብዙ ሮጦ የሚነሣው። ይህን «ፍጥነት በካሬ» የሚባለውን ነገር እባካችሁ አትርሱት፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ አዲስ ዓይነት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚሠራው እያንዳንዱ አይሮፕላን ደግሞ ከመሰጠቱ በፊት ለብቻው ይፈተናል። በመጀመሪያ የፋብሪካው አብራሪዎች ያወጡታል። ቀጥሎ የገዢው አየር መንገድ ሰዎች መጥተው ከወንበሩ ጨርቅ ጀምሮ እስከ ሞተሩ ይመረምሩታል፥ ያበሩታልም። በመጨረሻ አይሮፕላኑ ለመብረር ብቁ ነው የሚል የምስክር ወረቀት ይፈረማል፥ ገንዘቡም ይከፈላል። ሥዕሉን ስታዩት ሪባን ይቈረጣል፥ ሰዎች ይስቃሉ። እኛም በጨዋታችን ላይ የምናስመስለው ይህንኑ ደስታ ነበር።

ኢቲ ኤቪጄ የሚል ምልክት የነበረው 737 ማክስ በዚሁ ሥርዓት ተፈትኖና ተፈርሞለት በኖቬምበር 15 ቀን 2018 ለአየር መንገዳችን ተሰጠ። በማርች 10 ቀን 2019 ወደቀ። አራት ወር እንኳ አልሞላውም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ፈተና ምን ቀረው? ብዙ ያነበብሁት በዚህ ላይ ነው፤ የአሜሪካ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ኮሚቴ በሴፕቴምበር 2020 ያወጣውም ሐተታ ነገሩን በዝርዝር ገልጾታል።

ማክስ ከቀድሞው 737 ይልቅ ትልልቅ ሞተሮች ስለ ተሰጡት፥ ሞተሮቹ ከክንፉ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተደረጉ። ከዚህ የተነሣ አይሮፕላኑ አፍንጫውን በጣም ቀና ሲያደርግ ይበልጥ ቀና የማለት ጠባይ አመጣ። ይህን ለማረም፥ ኤምካስ የሚሉት የኮምፒዩተር ትእዛዝ ገባ። ሥራውም አግዳሚውን ጅራት እያዞረ አፍንጫውን ወደ ታች መጫን ነው። በመጀመሪያ በታሰበው ጊዜ ጅራቱን በ0.6 ዲግሪ ብቻ ያዞር ነበር፥ የሚሠራውም በከፍተኛ ፍጥነት ብቻ ነበር። በ2016፥ ማክስ በሰማይ ላይ ሲፈተን፥ በዝግታ ሲበርም እንዲሠራ ተደርጎ እስከ 2.5 ዲግሪ ሰፋ። እንዲህ አራት እጥፍ የሆነው ነገር የሚታዘዘው በአንዲት መሣሪያ ነበር። ይህችም ከአፍንጫው ጎን የተተከለች፥ እንደ ነፋስ መጠቈሚያ የምትዞር፥ ክንፉ ነፋሱን የሚገጥምበትን ማዕዘን የምትለካ ትንሽ ሰሌዳ ናት። መሣሪያዎቹስ ሁለት ነበሩ፤ ትእዛዙ የሚያዳምጠው ግን አንዱን ብቻ ነው። ለአብራሪዎች በሚሰጠው መጽሐፍም ስለዚህ ነገር አልተጻፈም ነበር።

በኦክቶበር 29 ቀን 2018 በኢንዶኔዢያ አንድ ማክስ በዚሁ ምክንያት ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ። የእኛው አይሮፕላን ለርክክብ የተፈረመው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

በእኛው በረራ ላይ የግራው መሣሪያ ከተነሡ ጥቂት ሴኮንድ በኋላ 74.5 ዲግሪ አለ፤ የቀኙ 15 ያህል ይል ነበር። መሣሪያው ለምን እንደ ተበላሸ መርማሪዎቹ አልተስማሙም። የእኛ አገር መርማሪ ቢሮ በዲሴምበር 2022 ባወጣው ሐተታ ከፋብሪካው የመጣ የኤሌክትሪክ ጉድለት ነው ሲል፥ የአሜሪካው ደግሞ ወፍ መትቶት ነው፥ የአብራሪዎቹም ሥራ መመርመር አለበት ብሎአል። የሆነው ሆኖ ኮምፒዩተሩ የተሳሳተውን መሣሪያ አምኖ አፍንጫውን ወደ መሬት መጫን ጀመረ። ወጣቶቹ አብራሪዎች ከኢንዶኔዢያው አደጋ በኋላ እንደ ተነገራቸው የጅራቱን የኤሌክትሪክ ማዞሪያ አጠፉት። ከዚያ ወዲያ የቀራቸው በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለውን መዘውር በእጅ ማዞር ነበር። ረዳቱ ሞከረ። አልዞረም።

ለምን አልዞረም? ይህ ነው የእናቴ ጥያቄ።

እኔም አንድ ቅዳሜ ጓደኞቼ በሌሉበት ይህን በኮምፒዩተሬ ለማየት ተቀመጥሁ። የእኔ ጨዋታ ላይ ያለው የቀድሞው ዓይነት 737 ስለሆነ ያ ትእዛዝ የለበትም፤ ስለዚህ ራሴ ጅራቱን ወደ ክፉው ጎን አዞርሁት። ከቦሌ ተነሣሁ፥ ሞተሩን በሙሉ ኀይል ተውሁት፥ ፍጥነቱ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ከዚያ መዘውሩን ለማዞር አንዲት ቍልፍ በጣቴ ነካሁ። መዘውሩም ያለ አንዳች ችግር ተሽከረከረ፥ አፍንጫውም ቀና አለ። ዳንሁ። ሦስት ጊዜ ደገምሁት፥ ሦስት ጊዜም ዳንሁ።

ያን ጊዜ ነው የፊዚክስ መምህራችን በጥቍር ሰሌዳው ላይ የጻፉት ትዝ ያለኝ። አየር በአንድ ነገር ላይ የሚያሳርፈው ጭነት በፍጥነቱ ካሬ ይበዛል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጭነቱ አራት እጥፍ ነው። ጅራቱ ተጣምሞ አይሮፕላኑ እጅግ ሲፈጥን፥ አብራሪውም መሪውን በሙሉ ኀይሉ ወደ ራሱ ስቦ ሲይዝ፥ በጅራቱ ላይ ያለው ጭነት በሽቦ እስከ መዘውሩ ድረስ ይመጣል። ያን ማዞር ለአንድ ሰው ክንድ ከባድ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ አይቻልም። የእኔ ቍልፍ ግን ከባድና ቀላል አያውቅም። ፍጥነቱ ሁለት መቶም ሆነ አራት መቶ፥ ለጣቴ ያው አንዲት ቍልፍ ናት።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ፥ የአሻንጉሊት ነገር ነው ብዬ በተውሁት ነበር። ነገር ግን በሜይ 2019፥ ማለትም አደጋው ከደረሰ ከሁለት ወር በኋላ፥ ቦይንግ ራሱ አብራሪዎች በሚሠለጥኑባቸው የማክስ ሲሙሌተሮች ፕሮግራም ላይ እርማት ማድረጉን ገለጸ። እርማቱ ያስፈለገው እነዚያ ቤት የሚያህሉ፥ በስድስት እግር የሚቆሙ መኪናዎች መዘውሩ በከፍተኛ ፍጥነት እንዴት እንደሚከብድ በትክክል ስለማያሳዩ ነበር። ስለዚህ የእኔ አሮጌ ኮምፒዩተርና ያ ታላቅ መኪና በአንድ ነገር ተመሳስለው ነበር፤ ሁለቱም ስለ ክንድ አልተነገራቸውም። ሲሙሌተር የሚያውቀው የሠራው ሰው የነገረውን ብቻ ነው። ያልተለካ፥ ወይም ተለክቶ ያልተነገረ ነገር፥ በምንም ያህል ልምምድ አይገኝበትም።

እንግዲህ በርእሱ ላይ ለጠየቅሁት፥ በእኔ አስተያየት አይሮፕላን ተሠርቶ አለቀ የሚባለው ሪባን ሲቈረጥ አይደለም። በፈተና የተገኘው ነገር ሁሉ አይሮፕላኑን የሚያበራው ሰው ዘንድ ሲደርስ ነው። የ777 ክንፍ በ154 በመቶ መሰበሩን ዓለም ሁሉ አወቀ። የ0.6 ዲግሪው ነገር 2.5 መሆኑን ግን የ25 ዓመቱ ልጅ፥ ከእኔ በሰባት ዓመት ብቻ የሚበልጠው፥ አላወቀም።

ማክሶች በዓለም ሁሉ ከማርች 2019 ጀምረው ቆሙ። ቦይንግ ትእዛዙን አሻሽሎ አሁን ሁለቱን መሣሪያዎች እያመሳከረ እንዲሠራ፥ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጫን፥ አብራሪውም እንዲያሸንፈው አደረገው። አብራሪዎችም በሲሙሌተር እንዲለማመዱ ግዴታ ሆነ። ከኖቬምበር 2019 አንሥቶ ደግሞ የእያንዳንዱን ማክስ የምስክር ወረቀት የፋብሪካው ሰዎች መፈረማቸው ቀርቶ የአሜሪካ መንግሥት አቪዬሽን መሥሪያ ቤት በራሱ እጅ ይፈርም ጀመር፤ በ2025 ከፊሉን ብቻ መልሶላቸዋል። አየር መንገዳችን ማክስን እንደገና ማብረር የጀመረው በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2022 ነው።

እኔና ጓደኞቼ የቅዳሜውን ርክክብ አልተውንም። አሁን ግን ከቦይንግ ፊልድ ሳይሆን ከሬንተን እንጀምራለን። ከመነሣታችንም በፊት ከመካከላችን አንዱ የዚያ ዓይነት አይሮፕላን በፈተና ጊዜ ምን እንደ ደረሰበት አንብቦ ለሁለቱ ይነግራል። አንዱ ጓደኛዬ ይህ ጨዋታውን ያስረዝመዋል ብሎ ያጕረመርማል፤ እውነቱን ነው።

እናቴ ጨዋታውን ዛሬም አትወደውም። ይህን ጽሑፍ አንብቤላት ስጨርስ ግን «እስቲ ያን መዘውር አሳየኝ» አለች። ኮምፒዩተሩን ከፍቼ ወንበሩን ለቀቅሁላት፥ የትኛዋ ቍልፍ እንደሆነችም አሳየኋት። በጣትዋ ነካቻት፥ መዘውሩም ዞረ።

«ይህማ በጣም ቀላል ነው» አለች።

«አዎን፥ እማዬ፤ ስሕተቱ እርሱ ነው» አልኋት።